የሰባተኛው ሣጥን ግራ ክንድ

እህቴ የክፍላችን ኃላፊ ሆና የገባች ዕለት እኔ ሁለት ሰዎች እያጠብኩ ነበር። ሰዎች ስል አጥንታቸውን ማለቴ ነው። ይህን የሰማ ሁሉ ይዘገንነዋል፤ ለእኔ ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት የኖርኩበት ሥራ ነው። ማንነቱ ያልታወቀ ሰው አጥንት በሣጥን ይመጣል። ለብ ባለ ውሃና በጥርስ ብሩሽ አፈሩን አስለቅቃለሁ፣ የሽቦ ወንፊት ላይ አደርቀዋለሁ፣ በቀጭን ብዕር እያንዳንዱ ላይ የሣጥኑን ቁጥር እጽፋለሁ፣ ከዚያም ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ከራስ ቅሉ እስከ እግር ጣቱ በየቦታው እደረድረዋለሁ። ከዚያ በኋላ ያለው የዶክተሮቹ ነው። ወንድ ይሁን ሴት፣ ዕድሜው ስንት እንደነበር፣ ቁመቱ፣ በሕይወቱ የት የት እንደተሰበረ ያነባሉ፤ ሲያሳምሩት ፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ይሉታል። በመጨረሻም አንድ ወረቀት ይፈርማሉ፣ ቤተሰብም ሰውየውን ወስዶ ይቀብራል። ወረቀቱ ላይ ያጠበው ሰው ስም አይጻፍም።

የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች "ብሩሽ" ይሉኛል። "ብሩሽ፣ ዘጠኝ ቁጥር ደረቀ?" "ብሩሽ፣ ሳሙና አልቋል።" በፍቅር ነው ይላሉ። ይሁንላቸው።

እህቴ በአሥራ አንድ ዓመት ታንሰኛለች። ይህን ሙያ ያስያዝኳት እኔ ነኝ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫት በገዛ እጇ ላይ በእስክሪብቶ የአጥንቶቹን ስም እጽፍላት ነበር። የእጅ አንጓ ስምንት ጥቃቅን አጥንቶች አሉት፤ ስምንቱንም በተራ ሳትጠራ እራት አይቀርብላትም። ለጨዋታ ነበር የጀመርነው። በኋላ እሷ እኔን መጠየቅ ጀመረች፣ ከዚያ ደግሞ እኔ የማልመልሰውን መጠየቅ ጀመረች። ያኔ ነው መንቃት የነበረብኝ።

የውጭ ትምህርት ዕድል ሲመጣ ፈተናው ለሁሉም ክፍት ስለነበር ሁለታችንም ተፈተንን። አዳራሹ ውስጥ ከእኔ ሦስት ወንበር ቀደም ብላ ተቀምጣለች። እኔ ገና ሁለተኛው ገጽ ላይ እያለሁ ብድግ ብላ ወረቀቷን አስረከበች፣ ስትወጣም ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ። እሷ "አይዞሽ" ማለቷ ነበር። እኔ ግን "ደህና ሁኚ" የተባልኩ መሰለኝ። እሷ አለፈች፣ እኔ ወደቅኩ።

ስድስት ዓመት ተምራ መጣች። እናታችን በእነዚህ ስድስት ዓመታት ስልክ በተደወለ ቁጥር ጎረቤት ሰብስባ "ልጄ ናት!" ስትል፣ እኔ ድስት እየፈተግኩ እሰማለሁ። "ታድላ!" ይላሉ ጎረቤቶች። "ታድላ!" እላለሁ እኔም። ቃሏን ባልኩ ቁጥር አንጀቴ ያርራል። ለዚህ ነገር ሌላ ስም ፈልጌለት ነበር። ድካም ነው አልኩ። ጨጓራ ነው ብዬ ሐኪም ጋ ሄጄ የተጻፈልኝን ኪኒን ውጬ ጨርሻለሁ። ቅናት ነው። የገዛ እህቴን ነው የምቀናባት፣ ለዚያውም እኔ ያስተማርኳትን።

እንግዲህ ያን ዕለት ነው። ኮሪደሩ በሰው ተሞልቷል፣ ዳይሬክተሩ ንግግር ያደርጋል፣ ይጨበጨባል። እኔ ማጠቢያ ክፍል ቀረሁ። ከአሮጌው የድንጋይ ማውጫ ናዳ ሥር የወጡ ሁለት ሣጥኖች ነበሩኝ፣ ሰባትና ስምንት። ግድግዳው ላይ በገዛ እጄ የጻፍኩት ሕግ አለ፦ "አንድ ገንዳ፣ አንድ ወንፊት፣ አንድ ሰው።" ስንቱን ተለማማጅ በዚህ ሕግ ተቆጥቻለሁ! ያን ዕለት ግን ጭብጨባው በተሰማ ቁጥር እጄ ይፈጥናል፤ ሁለቱንም አጠብኩና መሐላቸው ጋዜጣ ዘርግቼ አንድ ወንፊት ላይ አሰጣኋቸው።

በሩ ተከፈተና እህቴ ገባች። ነጭ ጋዋኗ ላይ ስሟ በሰማያዊ ክር ተጠልፏል። ዳይሬክተሩና ግማሹ መሥሪያ ቤት ከኋላዋ ናቸው።

"እታለም!" ብላ እርጥብ ሽርጤን ሳትጸየፍ ተጠመጠመችብኝ።

ሰው ሁሉ ፈገግ አለ። እኔ ግን ሸሸት አልኩ፤ ያ ሁሉ ሰው እያየ መታቀፉ መታዘን መሰለኝ። ስሸሽ ክርኔ ወንፊቱን መታው። ዘመም አለና ጥቂት አጥንቶች ጋዜጣውን ተሻግረው ተንሸራተቱ፣ ሁለት ሦስቱም መሬት ወደቁ። እህቴ ልታነሣ ጎንበስ አለች።

"ተዪው!" አልኳት። "ያንቺ ሥራ አይደለም።"

ቀና አለች። ጆሮዋ ቀልቷል፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ስታፍር ጆሮዋ ነው የሚቀላው። ሲወጡ አጥንቶቹን ለቅሜ ወደየቦታቸው መለስኩ። ሳልለካ፣ ሳላገጣጥም፣ እንዲያው በዓይኔ ገምቼ። በማግስቱም ቁጥራቸውን ጻፍኩባቸው።

ከናዳው በኋላ ማክሰኞ ማክሰኞ የሚመጡ አንዲት እናት ነበሩ። ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ጫፍ ይቀመጣሉ፣ የልጃቸውን ፎቶ በላስቲክ ጠቅልለው ይይዛሉ፣ ሳልፍ "ልጄ፣ ዛሬስ?" ይሉኛል። ልጃቸው ማውጫው ውስጥ ሲሠራ ነው የጠፋው፤ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር። ከናዳው ሥር የወጣው አጥንት ሁሉ ብዙ ዓመት ውሃ ውስጥ ስለቆየ ዲኤንኤው አልወጣም። አንድ ምልክት ብቻ አላቸው፦ በአሥራ ሁለት ዓመቱ ከዛፍ ወድቆ ግራ ክንዱ ከክርኑ በታች ተሰብሮ ነበር፣ ሲገጥምም ጎበጥ ብሎ ነው የገጠመው።

እህቴ ሰባተኛውን ሣጥን መረመረች። ወንድ፣ ዕድሜው ሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ ቁመቱ ልክክ ያለ፣ ግራ ክንዱ ከክርኑ በታች ተሰብሮ የገጠመ። የቀኝ ክንዱ ከናዳው አልወጣም፣ የግራው ከክርኑ በላይ ያለው ጫፍም በድንጋይ ተፈጭቷል፤ ስለዚህ የምታስተያይበት አልነበራትም። ፈረመች። የመጀመሪያ ፊርማዋ ነበር። እናትየው ሲነገራቸው የእህቴን ሁለት እጆች ይዘው አልለቅ አሉ። ቀብሩ ለዓርብ ተቆረጠ። ዳይሬክተሩ በስብሰባ ላይ "በገባች በወሯ!" እያለ አወደሳት። የእኔን እጅ የያዘው ሰው የለም። ብሩሼን ይዤ ቆሜ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ስምንተኛውን ሣጥን ጠረጴዛው ላይ መደርደር ጀመርኩ። ሰውየው ሃምሳ ሳይሞላው አይቀርም፤ አከርካሪው ዳር ዳሩን ሾሏል፣ የቀኝ ክርኑም በዕድሜ ሻክሯል። የግራ ክርኑ ላይ ስደርስ ከላይ ያለው አጥንት ሻካራ፣ ከታች ያለው ልሙጥ ሆነብኝ። ላገጥመው ሞከርኩ፣ እምቢ አለ። ወደ መስኮቱ ወስጄ በእጅ አንጓው በኩል ያለውን ጫፍ አየሁ። የእድገቱ መስመር ገና በደንብ አልጠፋም። የወጣት ክንድ ነው፤ ስብራትም የለበትም።

የሰባት ክንድ እዚህ ነው። ያ ተሰብሮ የገጠመው ደግሞ የዚህ የሃምሳ ዓመት ሰውዬ ነው። ሰባተኛው ሣጥን የእናትየው ልጅ አይደለም። የሁለቱም ቁጥር በእኔ ጽሕፈት ተጽፏል።

መጀመሪያ የተሰማኝን አልደብቅም። ደስ አለኝ። እህቴ ተሳሳተች! በመጀመሪያ ፊርማዋ! ምንም ማድረግ አይጠበቅብኝም፤ ዝም ማለት ብቻ። በሚቀጥለው ሳምንት ስምንትን ስትመረምር ራሷ ታገኘዋለች፣ ያኔ ግን ሰባት ተቀብሯል፣ መቃብር ሊቆፈር ነው፣ ጉድ ይፈላል። ጥፋቱ የእኔ መሆኑንም አውቃለሁ፤ ግን ብሩሽን ማን ይጠይቃል? የሚጠየቀው የፈረመ ነው። በጠረጴዛው ላይ ጨርቅ ጣል አድርጌ ለምሳ ወጣሁ።

ምሳ እናታችን ቤት ነበር። እናቴ ከድስቱ ደህና ደህናውን እየመረጠች ለእህቴ ስታወጣላት አየሁ።

"እታለም፣ ዓርብ ቀብሩ ላይ አብረሽኝ ነይ" አለች እህቴ። "ያጠብሽው አንቺ ነሽ እኮ።"

"ሥራ አለብኝ" አልኳት። ሳልንተባተብ፣ ሳልደናቀፍ፣ ዓይን ዓይኗን እያየሁ።

ሐሙስ ከሰዓት እናትየው መጡ። ቀናቸው አልነበረም። እህቴን አልፈለጉም፣ እኔን ነው የጠየቁት። ከላስቲክ ውስጥ የተተኮሰ ሸሚዝ አወጡ።

"ያጠብሽልኝ አንቺ ነሽ አሉኝ" አሉ። "ይሄን ከላዩ አድርጊልኝ። የግራ እጅጌውን ሰፋ አድርጌዋለሁ፤ ያ ክንዱ ሲለብስ ያመው ነበር። ቀስ ብለሽ፣ እሺ ልጄ?"

እጅጌውን አየሁት። ስፌቱ አርጅቷል፤ ልጁ በሕይወት እያለ የሰፉት ነው። "እዚሁ ቁጭ ይበሉ እማማ፣ መጣሁ" አልኳቸውና ወደ እህቴ ቢሮ ሄድኩ።

"ክንዱ የሰባት አይደለም" አልኳት ሳልቀመጥ። "የስምንት ነው። ያቀላቀልኩት እኔ ነኝ፣ የገባሽ ቀን።"

ተነሥታ ወደ ጠረጴዛው ሄደች። ጨርቁን ገለጠች። ሁለቱን ክንዶች አመጣች፣ ለካች፣ ገጠመች፣ ደግማ ለካች።

"መቼ ነው ያወቅሽው?"

"ትናንት።"

"ትናንት ስንት ሰዓት?"

"ጠዋት።"

አጥንቱን ቀስ ብላ አስቀመጠችው። "ትናንት ምሳ አብረን በልተናል" አለችኝ።

"አዎ።"

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ጆሮዋ ቀላ፣ ያፈረችው ግን ለራሷ ይሁን ለእኔ አላወቅኩም። "የስምንትን ሣጥን አጠገቡ ዘርግቼ ማየት ነበረብኝ" አለች ቆይታ። "እኔ ልንገራቸው። የፈረምኩት እኔ ነኝ።"

"ያቀላቀልኩት እኔ ነኝ" አልኩና ቀድሜያት ወጣሁ።

እናትየው ሸሚዙን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ቁጭ አልኩ፣ እህቴ ፊታችን ቆመች። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ወንፊቱን፣ ጋዜጣውን፣ ክርኔን፣ ትናንት ዝም ማለቴን ሳይቀር። ይጮኻሉ ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን የሸሚዙን ግራ እጅጌ በመዳፋቸው አስተካከሉ።

"ታዲያ እዚያ ውስጥ ያለው ማነው?" አሉ።

"የሌላ ሰው ልጅ ነው እማማ። የማን እንደሆነ ገና አላወቅንም።"

"እናት አለችው?"

"ሳትኖረው አትቀርም።"

"ታድላ" አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። "ታድላ። እሷ እንኳ የሚገኝላት አለ።"

ያቺን ቃል ስንት ዓመት በአፌ ይዣት ኖሬያለሁ። ቀና ብዬ እህቴን ማየት አቃተኝ።

ቀብሩ ቀረ፤ ማስተካከያው በማግስቱ ወጣ። እህቴ "በእጥበት ወቅት" ብላ ልታልፈው ስትል ስሜን እንድትጽፍ ነገርኳት፤ አመነታችና ጻፈች፣ ከታች ደግሞ የራሷን ጨመረች። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ስሜ ወረቀት ላይ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር። አሁንም እቀናባታለሁ፤ ሁለቱን ስሞች አጠገብ ለአጠገብ ሳይም ቀናሁ፣ የእሷ ፊርማ ያምራል። ግን ወንፊቶቹን ሁለት ክፍል ውስጥ ለያይቼ አስቀምጫለሁ፣ ካደረቅኩ በኋላም ቁጥር ከመጻፌ በፊት "ነይ እዪልኝ" ብዬ እጠራታለሁ።

እናትየው ያን ዕለት ከመሄዳቸው በፊት ሸሚዙን እጅጌውን ወደ ውስጥ አድርገው አጠፉና ለእኔ ሰጡኝ። "ይዤ መመላለሱ ምን ያደርጋል፣ አንቺው ጋ ይቀመጥ" አሉ። ከዚያ ተነሥተው ቀሚሳቸውን አራገፉ።

"ማክሰኞ ልምጣ?"

"ይምጡ እማማ።"

ሸሚዙ ቁምሳጥኔ ውስጥ ነው። ዛሬም ማክሰኞ ነው፤ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።