በዘራችን ያልተገኘው ነገር

አጎቴ ጎሬ ውስጥ ከአንድ ልብስ ሰፊ ጋር በአንድ ቤት ይኖር ነበር። ጣሊያን ከወጣ ወዲህ አብረው ናቸው። ለምን ሚስት እንደማያገባ ሲጠየቅ «እኛ ደህና ነን» ብሎ ለጠያቂው ሻይ ያስቀዳል። ዘመዶቻችን «የአጎትሽ ነገር» ይሉታል እንጂ ሌላ ስም አላወጡለትም። እኔ ግን እወደው ነበር፤ እኛ ወዳለንበት መቱ በመጣ ቁጥር ከትልልቆቹ ይልቅ ከእኔ ጋር ነበር የሚጫወተው።

የእኔን ነገር ደግሞ ማንም አያውቅም። የጎረቤታችን ልጅ ሹሩባ ስትሠራኝ እጇ አንገቴን በነካው ቁጥር ልቤ ድንግጥ ይል ነበር፤ ቶሎ እንዳትጨርስ ብዬ ጭንቅላቴን አወዛውዝባታለሁ። ወደ ቡሬ ተዳረች። እህል በአፌ አልዞር አለኝ። እናቴ የሆድ ትል ነው ብላ ኮሶ አጠጣችኝ። ኮሶው በደንብ ሠራ፤ ልጅቷ ግን አልወጣችልኝም።

በዚያው ዓመት ሽማግሌ ተላከብኝ። ልጁ የመንግሥት ጸሐፊ ነው፤ ክፉ ሰው አልነበረም። እኔ ግን ማንንም ወንድ ማግባት አልፈልግም፤ እምቢ ያለች ሴት ደግሞ በቤታችን ታይታ አትታወቅም። ተስፋዬ አጎቴ ብቻ ነበር። ነገሩ በዘር የሚወርድ ከሆነ ሽማግሎቹ ይሄዳሉ፣ እኔም እድናለሁ።

ጓዳ ሆኜ አዳመጥኩ። የሽማግሎቹ መሪ ስለ ቁምጥናና ስለ ዕብደት ጠይቀው ከጨረሱ በኋላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ይቅርታ ይደረግልንና፣ የጎሬው ወንድምዎ ነገር በአጥንት የመጣ ነው ወይስ ከሰው የተማሩት?»

«የተማረው ነው» አለ አባቴ ፈጥኖ። «ከጣሊያን።»

«እኔም ከጣሊያን ጋር ሠርቻለሁ» አሉ አንደኛው ሽማግሌ፣ ቡና ነጋዴው። «የተማርኩት ጎማ መለጠፍ ነው።»

ክርክሩ ሲጠና ዘር ይቆጠር ተባለ። ለጋብቻ ዝምድና እንዳይገኝ እስከ ሰባት ቤት መቁጠር ወጋችን ነው፤ የአጎቴም ነገር አብሮ እንዲጣራ ተስማሙ። አባቴ አባቱን ጠራ። ወልዷል። አያቱን ጠራ። ወልዷል። ቅድመ አያቱን፣ ምንጅላቱን፣ እያለ ሰባት ቤት ደረሰ። ያላገባ፣ ያልወለደ አንድ ሰው እንኳ ጠፋ።

«ዱጋ ነው» አሉ ቡና ነጋዴው፤ እውነት ነው ማለታቸው ነው። «አጥንቱ ንጹሕ ነው።»

ያልወለደ ሰው የማን አያት ተብሎ ሊቆጠር እንደሚችል የጠየቀ የለም። እኔም አልጠየቅኩም። ሴት ልጅ በራሷ ሽምግልና ላይ አትከራከርም።

ነገሩ ትምህርት መሆኑ ሲረጋገጥ መምህሩ እንዲርቅ ተፈረደ። አጎቴ ሠርጌ ላይ እንዳይገኝ፣ እኔም ሁለተኛ ጎሬ እንዳልሄድ። አባቴ ብቸኛ ወንድሙን በዚያ ቀን አጣ፤ እሱ ግን የረታ መስሎት ጠጅ አስቀዳ። ሠርጌ ዕለት አምርሬ ያለቀስኩት ለአጎቴ ነው። ሰዉ የሙሽራ ለቅሶ ወግ ነው ብሎ አለፈው።

አገባሁ፣ ወለድኩም። ልጄ አድጋ ስትጠየቅ የአጎቴን ነገር የሚያስታውስ አልጠፋምና ዘሩ እንደገና ተቆጠረ። ሽማግሎቹ የአባቷን ወገን ጨርሰው ወደ እናቷ መጡ። እኔ ፊታቸው ቆሜ ጠላ እቀዳለሁ።

«እሳቸው ወልደዋል፤ ንጹሕ ናቸው» አሉና ወደ አባቴ ስም አለፉ።