የኔታ ክፍለ ማርያምና የኬሚስትሪው ግድግዳ

የኔታ ክፍለ ማርያም ባለፈው ሳምንት ናዝሬት፣ ከባቡር ጣቢያው በላይ ባለው ቤታቸው ዐርፈዋል። ሕመማቸው አጭር ነበር፤ የቀብራቸው ንግግር ግን ረዥም። ተናጋሪዎቹ ተራ በተራ እየተነሡ «አሮጌውን ትምህርት ጥለው ዘመናዊውን ያነሡ» ብለው አመሰገኗቸው። እኔ ተማሪያቸው ነበርሁና የማውቀው ሌላ ነው። የኔታ ከአሮጌው ትምህርት አንዲት ነገር አልጣሉም። የጣሉት ነገር ቢኖር መልካም ስማቸውን ነው፤ እርሱንም እንዴት እንዳጡት ለማያውቁ ልንገር።

ጣሊያን ከመግባቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ እኔና ቶሎሳ የሚባል የመቂ ልጅ አዲስ አበባ በፈረንሳይኛ እንማር ነበር። በሆሣዕና ሰሞን ለዕረፍት በባቡር ናዝሬት ወረድን። ከዳግም ትንሣኤ በኋላ የኬሚስትሪ ፈተና ይጠብቀናል፤ ፈተናው በቃል ነው። ቶሎሳ አምና ወድቋል። ዘንድሮም ከወደቀ ይባረራል፤ አባቱም ቁርጡን ነግረውታል፦ «ከብት ፈረንሳይኛ አይጠይቅም፤ ና ቤትህ ግባ።»

የኔታ በቅኔ ቤት አድገው፣ ድሬዳዋ ከአንድ የግሪክ መድኃኒት ቀማሚ ዘንድ ዓመታት ሠርተው፣ በዚያን ጊዜ የጉምሩክ ጸሐፊ ነበሩ። በበዓል ቀን ደግሞ ከማኅሌት አይቀሩም። አስጠኑን ብለን ብንለምናቸው «ጠዋት ከቢሮ በፊት ኑ» አሉን።

የንጥረ ነገሮቹን ስምና ጠባይ እንደ ዳዊት በዜማ ይዘነው ነበር። የቶሎሳ መከራም ይኸው ነው፤ ከራሱ ካልጀመረ መሐሉን አያገኘውም።

«ክሎር ምን ዓይነት ነው?» አሉት የኔታ በመጀመሪያው ቀን።

የቶሎሳ ከንፈር ይንቀሳቀስ ጀመር።

«ከየት ተነሣህ?»

«ከመጀመሪያው፣ ከኢድሮዤን፣ የኔታ።»

«ኢድሮዤን አማትህ ነው እንዴ? ሳትሳለም አታልፍም? አንተ ዙረህ እስክትመጣ ፈታኙ ምሳውን በልቶ ይተኛል።»

ሕፃን ሀሁን በዜማ ስለወረደው ፊደል ለየ አይባልም፤ ለየ የሚባለው ከታች ወደ ላይ ሲያስቆጥሩት ነው። የኔታም ይህንኑ የቄስ ትምህርት ቤት ዘዴ አመጡ። የንጥረ ነገሮቹን ምልክት በከሰል በነጩ ግድግዳቸው ላይ ጻፉና በስንደዶ እየጠቆሙ ከታች፣ ከመሐል፣ ከጥግ ያስቆጥሩን ጀመር። ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺ «ግድግዳዬን የጠንቋይ ቤት አደረጉብኝ!» ብለው ጮኹ። ጩኸቱን መንደሩ ሰማ።

በማግሥቱ ጎረቤታቸው አቶ ጉደታ መጡ። «አካም ቡልተኒ፣ የኔታ» ብለው በኦሮምኛ እንደምን አደሩ ካሉ በኋላ ግድግዳውን እያዩ ብዙ ቆሙና፣ «ላሜ ታማለች። ይቺን እባብ የምትመስለውን በክታብ ይጻፉልኝ» አሉ።

«ያቺ የድኝ ምልክት ናት። ላምዎን እከክ ይዟት ከሆነ መርጠዋል፤ ግን መጻፍ አያድናትም፣ ድኙን ገዝተው ይቀቧት።»

አቶ ጉደታ ረክተው ሄዱ። የደብሩ አለቃ ግን በእንዲህ ያለ ነገር የሚረኩ አልነበሩም። ረቡዕ ጠዋት ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ገቡ።

«ክፍለ፣ በሕማማት የማንን ስም ነው የምታስጠራው?»

«የአየርና የማዕድን ስም ነው፣ አባቴ።»

«ለአየር ስም ያወጣለት ማነው?»

«ፈረንጆች ናቸው።»

«እንግዲያው ክርስትና አልተነሣም። አሁን፣ ዓይኔ እያየ ጽሑፉ ይጥፋ። አለዚያ ለትንሣኤ ከማኅሌት እንዳትቆም።»

የኔታ አልተከራከሩም። ኖራ አምጥተው ውኃ ቢያፈሱበት እየተንተከተከ ጨሰ፤ ሽማግሌዎቹ «ያለ እሳት ፈላ!» ብለው ወደ በሩ ሸሹ። የኔታ ግን ግድግዳውን ቀቡት። ቶሎሳ «አለቀልኝ» ብሎ መሬት ተቀመጠ።

እዚህ ላይ ነገሩ ቢያበቃ የኔታ ባልተነኩ ነበር። እርሳቸው ግን ስንደዶአቸውን አነሡና እርጥቡ ኖራ ላይ፣ ምንም በሌለበት ቦታ ጠቆሙ።

«ይህ?»

ቶሎሳ ቀና አለ። ከንፈሩ አልተንቀሳቀሰም። «ክሎር። አረንጓዴ ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ ጉሮሮ የሚያንቅ።»

«ይህስ?»

«ድኝ። በሰማያዊ ነበልባል ይነዳል።»

«ወዲህስ?»

«አዞት። በአየር ውስጥ የሚበዛው እርሱ ነው፤ እሳት አያነድም፣ አይነድምም።»

«ግድግዳው እኮ ባዶ ነው!» አሉ አለቃው።

«አዎን አባቴ፤ እንዳዘዙት አጥፍቻለሁ» አሉ የኔታ፣ ቀጣዩን እየጠቆሙ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ከማኅሌት ታገዱ። ከተማውም «በባዶ ግድግዳ መናፍስት የሚያናግር» የሚል ስም አወጣላቸው። አለቃውን አላዋቂ ብዬ ልሰድብ አልፈልግም፤ ያዩት ነገር በእርግጥ ጥንቆላ ይመስል ነበር። እኔ ራሴ ኬሚስትሪ ባላውቅ እፈራ ነበር።

ቶሎሳ ፈታኙ ፊት ሲቀርብ ከሰውየው ጀርባ ያለውን ነጭ ግድግዳ እያየ መለሰ። አለፈ። ናዝሬት ተመልሰን ስንነግራቸው የኔታ «ከመሐል ጠየቁህ?» አሉት።

«ከመሐል፣ የኔታ።»

«በጎ» ብለው ወደ ቢሯቸው ሄዱ። ከዚህ የበለጠ ደስታ ሲያሳዩ አላየሁም።

ከዓመታት በኋላ «አለቃው እስኪወጡ ቢታገሡ ምን ነበረበት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «የልጁ ልብ የተከፈተው ያን ጊዜ ነው። ማኅሌት በየበዓሉ ይመጣል» አሉኝ።

የኔታ፣ በዚህ ተሳስተዋል። ማኅሌት በየበዓሉ መጣ፤ ለእርስዎ ግን አልመጣም። ከቅጽሩ ውጭ ቆመው በከንፈርዎ ሲከተሉ ስንት ጊዜ አይቼዎታለሁ። ባለፈው ሳምንት ያው ደብር በሙሉ ዜማ ተቀበለዎት፤ ለመግባት መሞት ነበረብዎት። ቶሎሳ አስከሬንዎን ከተሸከሙት አንዱ ነበር፤ ዛሬ እርሱም ያስተምራል። እኔ ስለ ወዲያኛው ዓለም ከሰባኪዎቹ ያነሰ ነው የማውቀው። የሚቆሙበት ማኅሌት ካለ ግን፣ ደጁን የሚጠብቅ አለቃ የሌለበት ይሁንልዎ። ደኅና ይሁኑ፣ የኔታ።