ጀማነሽ እና ስምንት መቶው ስክሪንሾት

ጀማነሽ ካዛንቺስ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሃያ ስድስት ዓመት መዝገብ ቤት ሠርታለች። ደብዳቤ ሲመጣ ቁጥር ትሰጠዋለች፣ በገቢ መዝገብ ታሰፍረዋለች፣ ማህደሩን ከመደርደሪያ አውርዳ ታያይዘዋለች። ሰው በሩን ከፍቶ «ያቺ የዛሬ ሰባት ዓመት ከጅማ የመጣችው...» ብሎ ሳይጨርስ እሷ ከወንበሯ ተነስታለች።

ከሦስት ዓመት ወዲህ ግን ወረቀቱ እየሳሳ መጣ። ደብዳቤው በቴሌግራም ይገባል፣ መልሱም በዚያው ይሄዳል። ለእሷም ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ተሰጣት። እሷም አቧራ እንዳይነካው ባለ አበባ ጨርቅ አለበሰችውና ከጎኗ አስቀመጠችው። ደብዳቤ የሌለበት ቀን ሲበዛባት እጇን የምታደርግበት ጠፋት።

ቢሆንም ተኝታ አልነበረችም። ከሥራ ስትወጣ ደምበል አካባቢ ወዳለ ኮሌጅ እየሄደች በመረጃ አያያዝ ዲግሪዋን ጨርሳለች። በሃምሳ ሁለት ዓመቷ ከልጇ እኩዮች ጋር ጋውን ለብሳ ተመረቀች። ከዚያም በሚያዝያ ወር የሥራ መደቧ ወደ መረጃ አደረጃጀት ባለሙያነት እንዲቀየርላት ለዋናው ቢሮ አመለከተች። ሰኔ አለፈ፣ መስከረምም ጠባ፤ መልስ የለም።

«ጠይቂ እንጂ!» ይላታል ባሏ ልዑልቃል፣ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ያለች ቤታቸው ራት ላይ ሲቀመጡ።

«የሰው ሁሉ ደብዳቤ ስፈልግ ኖሬ ለራሴ ደብዳቤ ደጅ ልጥና? አላደርገውም» ትለዋለች። ኩራቷን ስለሚያውቅ ነገሩን ትቶ ወጡን ያቀርብላታል።

ኅዳር ላይ ከዋናው ቢሮ እንግዶች መጡ። የክፍሉ ኃላፊ አቶ አረጋዊ ሪፖርት ሊያቀርቡ ኮምፒውተራቸውን ከፕሮጀክተር ጋር ሲያገናኙት፣ ጀማነሽን ጨምሮ ግድግዳው ላይ የወጣውን ያየ ሁሉ አፉን ያዘ። የኮምፒውተሩ የፊት ገጽ ከላይ እስከ ታች ስክሪንሾት፣ ማለትም የስክሪን ፎቶ ነው፤ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርቦ ባዶ ቦታ የሚባል የለም። አቶ አረጋዊ ደግ ሰው ናቸው፣ ሥራም ያውቃሉ። ብቻ «እንዳይጠፋኝ» እያሉ ያዩትን ሁሉ ስክሪንሾት ያነሳሉ፤ የስልካቸውንም ጭምር ወደ ኮምፒውተሩ ይገለብጡታል።

«አንድ ሰንጠረዥ ነበረች... እዚሁ ነበረች» አሉ። አንዱን ከፈቱ፤ የፋሲካ መልካም ምኞት ካርድ ነው። ሌላ ከፈቱ፤ የእግር ፈንገስ ቅባት። ከእንግዶቹ አንዷ ሳቋን ልትውጥ ማስታወሻ ደብተሯ ላይ አቀረቀረች። ሰንጠረዧ ሳትገኝ ስብሰባው ተበተነ።

ከሰዓት በኋላ አቶ አረጋዊ ራሳቸው መዝገብ ቤት ድረስ መጡ። ላብ ላብ ብሏቸዋል።

«ጀማነሽ፣ ዛሬ ያየሽው ነው እንግዲህ። ወረቀት ቢሆን ኖሮ አንቺ ወዲያው ታገኚልኝ ነበር።»

«አገኝልዎት ነበር» አለች ሳትጠራጠር። «የግል ነገር ከሌለበት ኮምፒውተሩን ለሳምንት ይስጡኝ።»

«እኔ ምን የግል አለኝ? የዛሬው የቅባት ጉዳይ እንደሆነ ተሰብኳል! በቃ፣ ግቢበት።»

በማግስቱ ወንበራቸው ላይ ተቀመጠች። ቆጠረቻቸው፤ ስምንት መቶ አሥራ አራት ናቸው። ሁሉም ስማቸው ስክሪንሾት ነው፣ የሚለያቸው ቁጥር ብቻ። ስምንት መቶ ልጅ ወልዶ ሁሉንም ባንድ ስም እንደ መጥራት ሆነባት። ኮሌጅ የተማረችው ብዙው በቃል ስለነበር ለእጁ ሥራ የአይቲ ባለሙያዋን ሜቲን ጠራቻት። ሜቲ ወንበር ሳብ አድርጋ ተቀመጠች።

«እርስዎ መጀመሪያ ሥዕሎቹን አተልቀው ይዩዋቸው። ማለቴ፣ ሳይከፍቱ ምን እንደሆኑ እንዲታይዎት...»

«አንቱ አትበይኝ፣ አስረጀሽኝ።»

«እሺ ጀሚዬ! ብዙውን ባንዴ ለመምረጥ ኮንትሮል የሚለውን ቁልፍ ይዘሽ አንድ በአንድ ትነኪያቸዋለሽ። ስም ለመቀየር ከላይ ኤፍ ሁለት የሚለውን ቁልፍ ትጫኛለሽ። ጠፋብኝ ካልሽ ደግሞ በቀን ደርድሪያቸው፣ በተነሱበት ቅደም ተከተል ይሰለፉልሻል። በቃ፣ ይሄው ነው።»

ይሄው ነበር። ጀማነሽ የቀረውን ታውቀዋለች። እንደ መደርደሪያዋ አደረገችው፤ መጀመሪያ ዓመቱን፣ በዓመቱ ውስጥ የላከውን ቢሮ፣ በቢሮው ውስጥ ጉዳዩን። ለእያንዳንዷ ስክሪንሾት ቀኗን፣ ከየት እንደመጣችና ስለምን እንደሆነች የሚናገር ስም አወጣችላት። ያቺ የጠፋችው ሰንጠረዥ በሁለተኛው ቀን ተገኘች፤ ለካ ሦስት ጊዜ ተነስታለች። አርባ አንድ የበዓል ካርዶችን ልታጠፋ ስትል አቶ አረጋዊ በበሩ ብቅ አሉና «አታጥፊያቸው! ማን ያውቃል ይፈለጉ ይሆናል» አሏት። «ይቆይ» የሚል ፎልደር ከፍታ አስገባቻቸው። እጇ ሥራ ካገኘ ወዲህ ምሳ ሰዓት እያለፈባት ሜቲ መጥታ ታስነሳት ጀመር።

በአራተኛው ቀን፣ ቁጥሩ ሦስት መቶ ሰማንያ ስምንት የሆነውን ስትከፍት፣ የራሷን ስም አየችው።

ከዋናው ቢሮ ለአቶ አረጋዊ በቴሌግራም የተላከ ደብዳቤ ነው። «ወይዘሮ ጀማነሽ ወደ ጠየቁት የሥራ መደብ እንዲዛወሩ የተፈቀደ ስለሆነ እንዲያሳውቋቸው» ይላል። ቀኑ ሰኔ አሥራ ዘጠኝ።

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ደስታው ሳይደርስ ንዴቱ ቀደመ። አምስት ወር! በየጠዋቱ «እንዴት አደርሽ ጀማነሽ» እያሏት፣ ደብዳቤዋን እዚህ ቀብረው! ተነስታ ኮሪደሩ መስኮት ጋ ቆመች። ታች አዲሱ ሰፊ መንገድ ዳር ሠራተኞች ችግኝ ውኃ ያጠጣሉ። አየቻቸው፣ ግን ልቧ ኮምፒውተሩ ጋ ቀርቷል። ሆን ብለው ይሆን? ሌላ ሰው አስበው ይሆን?

ተመልሳ ተቀመጠችና፣ ለብዙ ዓመታት ማህደር ስታገላብጥ የለመደችውን አደረገች። አንድ ወረቀት ግር ሲላት ከፊቱና ከኋላው ያለውን ታነብ ነበር። ሜቲ እንዳሳየቻት በቀን ደረደረቻቸው። ከደብዳቤዋ በፊት፣ የዚያኑ ጠዋት፣ ከአቶ አረጋዊ ልጅ የመጣ መልእክት አለ፦ «አባዬ እማዬ ወድቃለች ቶሎ ድረስ።» ከደብዳቤዋ በኋላ ደግሞ ወደ ሆስፒታል የሚወስድ ካርታ። ከዚያ የደም ዓይነት የተጻፈበት መልእክት። ከዚያ ለሁለት ሳምንት አንድም ስክሪንሾት የለም።

ጀማነሽ እጇን ከማውሱ ላይ አነሳች። ንዴቱ አልጠፋም፤ ግን ተቀምጠው የሚነጋገሩበት ዓይነት ሆነ። ስክሪንሾቷን ቀኗንና ጉዳዩን ጽፋ በዓመቷና በቢሮዋ ስር ካስገባቻት በኋላ አቶ አረጋዊን ጠራቻቸው።

መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡ። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«አምላኬ! ጀማነሽ... ታክሲ ውስጥ ሆኜ ነው የደረሰኝ። ነገ እነግራታለሁ ብዬ፣ እንዳይጠፋኝ ብዬ...»

«አይቻለሁ። የዚያን ቀን ምን እንደገጠመዎት ከዚሁ ተረድቻለሁ» አለች። ቀጥላም ድምፅዋን ሳትጨምር «ቢሆንም ቅር ብሎኛል፣ አቶ አረጋዊ። ብቁ አይደለሽም የተባልኩ መስሎኝ አምስት ወር አንገቴን ደፍቼ ነበር።»

«እውነትሽን ነው። ጥፋቱ የኔ ነው። ይቅር በይኝ።»

«ባለቤትዎስ እንዴት ሆኑ?»

«ተሽሏታል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አሁን ሰፈር ውስጥ ትዞራለች።»

«እሰይ። እንግዲያው እኔም ይቅር ብያለሁ።»

አቶ አረጋዊ በሰው አልላኩም። ደብዳቤውን አሳትመው ይዘው አምስተኛ ፎቅ ወዳለው የሰው ኃይል ክፍል በእግራቸው ወጡ፤ ሊፍቱ እስኪመጣ እንኳ አልጠበቁም። ጀማነሽ የዚያን ቀን ማታ ለልዑልቃል ስትነግረው ጉርሻውን በአየር ላይ ይዞ ቀረ፤ ከዚያ እየሳቀ እሷን አጎረሳት።

ከታኅሣሥ ጀምሮ ጀማነሽ አዲሱን መደብ ያዘች። ማክሰኞ ማክሰኞ ከሰዓት በሯ ክፍት ነው፤ ፋይሉ የተደበላለቀበት ሁሉ ይመጣል። ባለፈው ማክሰኞ የመሥሪያ ቤቱ ሹፌር ሙሐሲን በሩን ኳ ኳ አድርጎ አንገቱን አስገባ።

«እትዬ ጀማነሽ፣ የሥራ ነገር አይደለም፣ አይቆጡኝ። የመንታ ልጆቼ ፎቶ ነው፤ ሦስት ሺህ ደርሷል። የትኛዋ የትኛዋ እንደሆነች እኔም ሚስቴም መለየት አቅቶናል።»

ጀማነሽ እስክትጠግብ ሳቀች። ከዚያ ከጎኗ ያለውን ወንበር ሳብ አደረገችለት።

«ና ቁጭ በል። መጀመሪያ ስማቸውን ንገረኝ።»