ቀጋ ሜዳ ላይ የተተከለው ቀይ ምልክት

ይህን የምጽፈው ከሁለት ምንጭ ነው፤ አንዱ የራሴ ትዝታ፣ ሌላው የባቡር ማሽከርከር መለማመጃው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ያስቀመጣቸው ፋይሎች። ፋይሎቹ የትኛው ምልክት ከየት ወዴት እንደ ተዛወረ ያሳያሉ፤ ለምን እንደ ተዛወረ ግን አያሳዩም። ያንን የምሞላው እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ የሰማሁትን ንግግር ጊዜ ሲያልፍ ማሳመር የሚቀናኝ ሰው ነኝ። የሰዎቹን ስም ለውጫለሁ።

በኮሌጅ ይህን ሥራ የጀመርሁት ከባቡር ነጂዎች አሠልጣኝነት ጡረታ ወጥቼ ወደ ንፋስ መውጫ ከተመለስሁ በኋላ ነው። በመጀመሪያው ቀን የኮሌጁ የሥልጠና ኃላፊ ወይዘሮ አስቴር ኮምፒዩተር ፊት አስቀመጡኝና መስመሩን አሳዩኝ። በእኛ በጋይንት እውነተኛ ሐዲድ የለም። ተማሪዎቹ ዳገትና ቁልቁለት እንዲለምዱ ግን ከንፋስ መውጫ ተነሥቶ በአርብ ገበያ በኩል ወገዳ የሚደርስ መስመር በፕሮግራሙ ውስጥ ተዘርግቶ ነበር። የመሬቱ ከፍታና ዝቅታ ከሳተላይት የተወሰደ ነው። የእኔ ድርሻ መስመር መቀየሪያዎቹንና ምልክቶቹን ማስተካከል ሆነ።

መስመር መቀየሪያ ባቡሩን ከዋናው ሐዲድ ወደ ጎን ሐዲድ ያሻግራል። ማንም ሳይነካው የሚያርፍበት አቅጣጫ ይሰጠዋል፤ አቅጣጫው ከተሳሳተ መጪው ባቡር በጎን ሐዲዱ ላይ ከቆመው ጋር ይጋጫል። ምልክቱ ነጂው የት እንደሚቆም ይነግረዋል። ስክሪኑ ላይ ሲታይ ስም የተጻፈበት ቀይ ችካል ይመስላል።

ሁለት ባቡሮች የሚተላለፉበት የጎን ሐዲድ ደልዳላ መሬት ይፈልጋል። አርብ ገበያ ከመድረሳችን በፊት ያገኘሁት ደልዳላ ቦታ ቀጋ ሜዳ ነበር። በባቡር ሥራ ልማድ ምልክት የሚሰየመው በቦታው ስም ነውና ያንኑ ጻፍሁበት።

ወላጆች ኮሌጁን በጎበኙበት ቀን አያ ደሴ የሚባሉ ገበሬ እኛ ዘንድ የምትማረውን ልጃቸውን ተከትለው ገቡ። የአንድ ተማሪ ባቡር ዳገቱ ላይ ሲቆም፣ የእርሳቸው አህያ ይህን ዳገት ሳትገፋ እንደምትወጣው ተናግረው ክፍሉን አሳቁት። ባቡሩ ወደ ምልክቱ ሲደርስ ልጅቱ ስሙን አነበበችላቸው። ፊታቸው ተለወጠ። ወዲያው ወጡ።

ከሳምንታት በኋላ ልጅቱ ወደ ወይዘሮ አስቴር ቢሮ መጣች። እንደ ነገረቻቸው፣ አባቷ ቀጋ ሜዳ ያለውን እርሻቸውን ማረስ አቁመዋል። የገብስ መዝሪያው ደርሷል፤ ቤተሰቡ ዓመቱን የሚኖረውም ከዚያ በሚገኘው እህል ነው። በእኛ አገር ቀያሽ መጥቶ ችካል ከተከለበት፣ መሬቱ ሊወሰድ ነው ማለት ነው፤ ገበሬውም ዘሩን አያባክንበትም። ነገሩ ትምህርት ብቻ መሆኑን ብትነግራቸው፣ “አንቺንማ ቀድመው አሞኝተውሻል” ብለዋታል።

ወይዘሮ አስቴር ስሙን እንድቀይር አዘዙኝ፤ ቀየርሁት። ይህንንም ልጅቱ ለአባቷ ነገረቻቸው። በዚያው ሳምንት ይመስለኛል፣ አያ ደሴ ራሳቸው መጡ።

“ጌታው፣ ስሙን ብትለውጡት መሬቱ ያው ነው” አሉኝ።

አጠገቤ አስቀምጬ ቦታውን አሳየኋቸው። ከሣር በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም። ቤታቸው የት እንዳለ ጠየቁኝ። የመሬቱን ከፍታ እንጂ ቤቶቹን እንዳልሠራን አስረዳሁ። ስለ ማሳቸውና ስለ ድንጋይ ካብ አጥራቸውም ጠየቁ፤ እነርሱም አልነበሩም።

“እንግዲያ ባዶ ነው ብላችሁ ነዋ የያዛችሁት።”

ማብራሪያዬ ነገሩን እያባባሰው እንደ ሆነ ገባኝ። በመስመሩ ላይ ለጎን ሐዲድ የሚሆን ሌላ አንድ ቦታ አውቅ ነበር፤ ከአባቴ የወረስሁት፣ የእህቴ ልጅ የሚያርሰው እርሻ። ጥቂት ተዳፋት ስላለው ቀድሞ ትቼው ነበር። አያ ደሴ እያዩኝ የጎን ሐዲዱን ከቀጋ ሜዳ ነቅዬ ወደዚያ ወሰድሁት። የቆመ ባቡር ቢንሸራተት ዋናው ሐዲድ ላይ እንዳይወጣ ምልክቱን ከመቀየሪያው አራቅሁት። መቀየሪያውም ካልነኩት በቀር ወደ ዋናው ሐዲድ እንዲያርፍ አደረግሁ። ከዚያ አባቴ እርሻውን ይጠራበት የነበረውን ስም ምልክቱ ላይ ጻፍሁ።

“ይኼስ የማን ነው?” አሉ።

“የእኔ።”

“ዘንድሮ ይዘራል?”

“ይዘራል። የእህቴ ልጅ ሁለት ጊዜ አርሶታል።”

“ይወስዱብዎታል።”

“የሚወስድ የለም፣ አያ ደሴ። ቢኖር በገዛ መሬቴ ላይ እተክለው ነበር?”

“ሽማግሌ ሲሞኝም አይቻለሁ” ብለው ዱላቸውን አንሥተው ሄዱ።

ወይዘሮ አስቴር ስለ ተዳፋቱ ወቀሱኝ፤ ልክ ነበሩ። ተማሪዎቹ እዚያ ቆመው ሲነሡ ባቡሩ ወደ ኋላ እየሸሸባቸው እስከ ዛሬ ይቸገራሉ። ምልክቱ ግን ካለበት አልተነቀለም።

ከዚያ ወዲህ ምልክት ከመትከሌ በፊት መሬቱ የማን እንደ ሆነ እጠይቃለሁ፤ የምተክለው ስክሪን ላይ ቢሆንም። ለወጣት ባልደረቦቼ የምነግራቸው ይህንኑ ነው።

ክረምቱ ከገባ በኋላ ልጅቱ ኮሪደር ላይ አግኝታኝ ገብሳቸው መብቀሉን ነገረችኝ። የበቀለው ቀጋ ሜዳ ላይ ይሁን፣ ከቤታቸው ጓሮ ባለችው ትንሽ ማሳ ላይ፣ አልጠየቅኋትም። እርሷ አሁን ተመርቃ ሄዳለች፤ እኔም ቦታው ድረስ ሄጄ አላየሁም።