እማማን እንዴት እንዳላጠብኳቸው

ይህን ታሪክ መጻፍ ይገባኝ እንደሆነ እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። አንዲት አሮጊት አልታጠብም አሉ፤ በኋላ ታጠቡ። ነገሩ ይኸው ነው። በመካከል የሆነው አብዛኛው የእኔ ሞኝነት ስለሆነ ዝም ማለቱ ሳይሻል አይቀርም። ነገር ግን በዚህ ዓመት የአረጋውያን ረዳትነት ትምህርት ሊጀምሩ ያሰቡ የቤተ ክርስቲያናችን ልጆች “ሽማግሌ መንከባከብ ይከብዳል እንዴ?” ብለው ሲጠይቁኝ፣ “ቋንቋቸውን ካወቃችሁ ምንም አይከብድም” ብዬ መልሼላቸዋለሁ። መልሴ ትክክል አልነበረም። ይህን ጽሑፍ እንደ ማረሚያ ይቁጠሩልኝ።

ኮሌጅ የገባሁበት የመጀመሪያ ዓመት ነበር። የምማረው ነርስ ለመሆን ነው። ጎን ለጎን የአረጋውያን ረዳትነት ሰርተፊኬት ወስጄ፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ቅዳሜ፣ ሰው ቤት እየሄድኩ መሥራት ጀመርኩ። ኮርሱ ላይ ሰውን አልጋ ላይ እንዳለ ማጠብ የተለማመድነው ሙሉ ሰው በምታክል የፕላስቲክ አሻንጉሊት ነው። የእኔ ተራ ሲደርስ የአሻንጉሊቷ እጅ ከትከሻዋ ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ። ቅደም ተከተሉን ላለማዛባት ብዬ የተነቀለውን እጅ በሥርዓቱ አጠብኩ፣ አደረቅኩ፣ ከጎኗም አስተኛሁት። አስተማሪዋ ሙሉ ነጥብ ሰጠችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የማላጥበው ሰው የሌለ መሰለኝ።

የተመደብኩላቸው እማማ ቱክዊላ በምትባል ከተማ ውስጥ ከሴት ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ከሰማንያ ያለፉ የወሎ ሴት ናቸው። በክረምቱ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ ነበር፤ ተጠግኖ አሁን በአራት እግር መደገፊያ ቀስ እያሉ ይራመዳሉ። ልጃቸው መጋዘን ስለምትሠራ ሳይነጋ ትወጣለች። ከእኔ በፊት ሁለት ረዳቶች ተልከው ለሁለቱም “አልታጠብም” ብለዋቸዋል። ሥራችንን የምትቆጣጠረው ነርስ መጥታ ስታይ ጀርባቸው ሊቆስል እንደሚል ቆዳ መቅላት ጀምሯል። ስለዚህ የአንድ ወር ጊዜ ሰጠች፦ በሥርዓት መታጠብ ካልጀመሩ የቤት እንክብካቤ ስለማይበቃቸው ታኮማ የምትባል ሌላ ከተማ ወዳለ መጦሪያ ይዛወራሉ። የመጦሪያው ወረቀት ፍሪጁ በር ላይ በማግኔት ተለጥፏል።

ልጃቸው በመጀመሪያው ቀን እኔን ለመቀበል ብላ ከሥራ ቀርታ ነበር።

“ሶ፣ አማርኛ ትችላለች ሲሉኝ አለቀስኩ” አለችኝ። “እዚያ ታኮማ አንድ የሚያወራት ሰው የለም። እኔ በሳምንት አንዴ ነው መሄድ የምችለው። እማ እዚያ ከገባች ትጠፋብኛለች።”

“አታስቢ” አልኳት። አሻንጉሊቷን እያሰብኩ ነበር።

እማማ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ሲመለከቱኝ እጄን ታጠብኩ፣ ጓንት አጠለቅኩ፣ ሳፋውን ሞላሁ፣ ትንንሽ ፎጣዎቹን በየመጠናቸው ደረደርኩ። እያንዳንዱን ነገር ከማድረጋችን በፊት ለታማሚው እንድንነግር ተምረናል።

“እማማ፣ አሁን ሳፋውን አጠገብዎ ላስቀምጥ ነው።”

“አየሁት።”

“አሁን ደግሞ ውሃው ሞቅ ያለ መሆኑን በክንዴ ላረጋግጥ ነው።”

“አንቺ ልጅ፣ ሬዲዮ ነሽ እንዴ?”

“አሁን ፊትዎን…”

“እኔ ጠዋት ታጥቤያለሁ። ይልቅ ተቀመጪ፣ ከየት ነው የመጣሽው?”

ተቀመጥኩ። ከምኖርበት ከሾርላይን በባቡርና በአውቶቡስ እንደመጣሁ፣ እናትና አባቴ ከየት እንደሆኑ፣ ስንት እህት እንዳለኝ ሁሉ ነገርኳቸው። ቅጹ ላይ “አልፈቀዱም” ብዬ ጽፌ ወጣሁ። ከእኔ በፊት የነበሩት ሁለቱም የጻፉት ይህንኑ ነው።

ለሚቀጥለው ቀን ቤቴ ተቀምጬ አሥራ አራት ጥያቄዎች አዘጋጀሁ። ሽታ ያለው ሳሙና ይወዳሉ ወይስ የሌለው? ፎጣው ወፍራም ይሁን ስስ? ከቀኝ ልጀምር ከግራ? መስኮቱ ይዘጋ? እማማ ለሁሉም “እንዳሻሽ” አሉኝ፤ እኔም አሥራ አራት ጊዜ “እንዳሻሽ” ብዬ በጥንቃቄ መዘገብኩ። ያልጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር። እሳቸው ሙስሊም ናቸው፣ እኔ ጴንጤ ነኝ። የሰው ሃይማኖት ውስጥ እንዳንገባ ኮርሱ ላይ ተነግሮናል፤ እኔ ደግሞ የተነገረኝን ከሚገባው በላይ የምፈጽም ሰው ነኝ። ለሶላት ሲዘጋጁ መታጠቢያ ቤት ገብተው በሩን ሲዘጉ፣ እኔ ለአክብሮት ብዬ ኮሪደሩ ውስጥ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ እቆም ነበር። ፊት ማዞሩን ማንም አላዘዘኝም፤ ከራሴ የጨመርኩት ነው።

በሁለተኛው ሳምንት አዘኑልኝ መሰለኝ፣ “እንዲህ ከምትለማመጪኝ እሺ፣ ይሁን” አሉ። ደስ ብሎኝ ሳፋውን ላመጣ ሮጥኩ። ፊታቸውን ጠረግኩ። ክንዳቸውን በሳሙና አሸሁ፣ ፎጣውን ሳፋው ውስጥ አለቀለቅኩ፣ ጨመቅኩ፣ ወደ አንገታቸው ዞርኩ። እጄን ያዙኝ።

“ያንኑ ውሃ?”

“ገና ንጹሕ ነው እማማ። ሲደፈርስ ይቀየራል።”

“እስኪደፈርስ ድረስ በገዛ እድፌ ልታጥቢኝ ነው?”

እዚህ ላይ ያደረግኩትን መጻፍ ያሳፍረኛል። ከቦርሳዬ የኮርሱን መጽሐፍ አውጥቼ ሥዕሉን አሳየኋቸው። አንዲት ነጭ አሮጊት አልጋ ላይ ተጋድመው ረዳቷ ከሳፋ ፎጣ እየጨመቀች ታጥባቸዋለች። እማማ መነጽራቸውን አድርገው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

“እሳቸውም ደስ አላላቸውም” አሉና መጽሐፉን መለሱልኝ።

ከዚያ መደገፊያቸውን ይዘው መታጠቢያ ቤት ገቡና በሩን ዘጉ። ውሃ ሲወርድ ይሰማል። እኔም እንደ ልማዴ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ጥቂት ቆይቶ መደገፊያው ሲወድቅ ሰማሁ። ከፍቼ ስገባ እማማ በአንድ እጃቸው ግድግዳውን ይዘው፣ አንድ እግራቸውን የእጅ መታጠቢያው ሳህን ላይ ሰቅለው፣ በተጠገነው ዳሌ ላይ ብቻ ቆመዋል። ለውዱእ፣ ከሶላት በፊት ለሚደረገው መታጠብ፣ እግራቸውን እያጠቡ ነበር። በቀን አምስት ጊዜ እንዲህ ያደርጋሉ ማለት ነው፤ እኔ ደግሞ ግድግዳ አያለሁ።

ደግፌ አወረድኳቸው። ወደ ቤት ስመለስ ባቡር ውስጥ ለአስተማሪዬ አራት ገጽ ኢሜይል ጻፍኩ። የአንድ መስመር መልስ ላከችልኝ፦ “እንዴት መታጠብ እንደሚፈልጉ ጠይቂያቸው።” ጠይቄያለሁ፣ አሥራ አራት ጥያቄ ጠይቄያለሁ እኮ ብዬ ተቀየምኳት።

በሦስተኛው ሳምንት ማክሰኞ ስለ መታጠብ ምንም ላለማንሳት ወስኜ ሄድኩ። ተስፋ ቆርጬ ነበር። ልጃቸው ያዘጋጀችውን ምስር አሙቄ በእንጀራ አቀረብኩ። ከዚያ ሳላስበው ጆግ ውሃ ሞልቼ፣ ያንኑ የተረገመ ሳፋ በግራ እጄ ይዤ፣ ፎጣ ትከሻዬ ላይ ጥዬ፣ ጎንበስ ብዬ እጃቸውን አስታጠብኳቸው። ቤታችን እንግዳ ሲመጣ ይህ የእኔ ሥራ ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ስለማደርገው እንደ ሥራም አልቆጥረውም።

እማማ እጃቸውን አሽተው ሲጨርሱ ቀና ብለው አዩኝ።

“ይኸን የት ተማርሽው?”

“ይቅርታ እማማ፣ ጓንት ማድረግ ነበረብኝ።”

“ጓንቱን ተይው። የት ተማርሽው ነው የምልሽ።”

“ቤት ነው። ማንም አላስተማረኝም።”

“ታዲያ ይኸን እያወቅሽ ምን ነክቶሽ ነው እኔን እንደ ወጥ ሳህን የምትዘፈዝፊኝ?”

ወዲያው አልገባኝም። ሳፋውን አየሁ፣ ጆጉን አየሁ። የፈሰሰው ውሃ ሳፋው ውስጥ ነው፤ ወደ እጃቸው የተመለሰ አንድም ጠብታ የለም። እኔ እኮ እንግዳን በተዘፈዘፈ ፎጣ እጅህን ልጥረግልህ ብለው አባቴ ከቤት ያባርረኛል።

“ለምን አልነገሩኝም እማማ?”

“መች ጠየቅሽኝ?”

“አሥራ አራት ጥያቄ ጠይቄዎታለሁ።”

“ስለ ሳሙናው ጠየቅሽኝ። ስለ ፎጣው ጠየቅሽኝ። ስለ መስኮቱ ጠየቅሽኝ። የሚታጠበው መስኮቱ ነው?”

እንጀራው ቀዘቀዘ፣ ግን ያን ቀን ሁሉንም ነገሩኝ። ሻወሩን የማይወዱት መጀመሪያ ቀዝቃዛ ከዚያ ድንገት ትኩስ እየተፋ ፊታቸውን ስለሚመታቸው ነው። እርቃናቸውን በማያውቁት ሰው ፊት መሆን አይፈልጉም። ልጃቸውን እንዳያስቸግሯት ደግሞ ስትመጣ ቆማ ነው የምታንቀላፋው። የሚፈልጉት አንድ ሰው ጆግ ይዞ እንዲያፈስላቸው ነበር።

ልጃቸው የገዛችላቸው የመታጠቢያ ወንበር ቁም ሣጥን ጥግ ላይ ብርድ ልብስ ተቆልሎበት አገኘሁት። ገንዳው ውስጥ አስቀመጥኩት። እማማ አሮጌ ነጠላ አገልድመው ተቀመጡ። እኔ አፈሳለሁ፣ እሳቸው እጃቸው እስከደረሰበት ያሻሉ። የማይደርሱበትን፣ ጀርባቸውንና እግራቸውን፣ ለእኔ ተዉልኝ።

“አሁን ጀርባዎ ላይ ላፈስ ነው…”

“ሬዲዮውን ዝጊው።”

ዘጋሁት። ይኸው ነው እንግዲህ የተማርኩት ሙያ፦ ጆግ መያዝ። ከዚያ በኋላ በመጣሁ ቁጥር እንዲሁ አደረግን። እኔ በሌለሁበትም ውዱእ የሚያደርጉት እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ልጃቸው በምትሞላላቸው ትንሽ ጆግ ሆነ። የእጅ መታጠቢያው ሳህን ላይ እግር መስቀል ቀረ።

ወሩ ሲሞላ ነርሷ መጣች። እንግሊዝኛውን የምተረጉመው እኔ ነበርኩ። ቃል ሳንጨምር፣ ቃል ሳንቀንስ እንድንተረጉም ተምረናል። ነርሷ ጀርባቸውን አየች፤ ቅላቱ ጠፍቷል። ከዚያ ስለ አስተጣጠባቸው ጠየቀቻቸው።

“ንገሪያት” አሉ እማማ። “ይቺ ልጅ ስትመጣ ሳህን አጣቢ ነበረች፤ አሁን ትንሽ ትንሽ ሰው ማጠብ ጀምራለች በያት።”

ነርሷን አየሁ፣ መልሼ እማማን አየሁ።

“አልሰማሽኝም? ስለ መጽሐፉም ንገሪያት። ሥዕል ያሳየሽኝን።”

ቃል በቃል ተረጎምኩ። ሳህን አጣቢ መባሌ ሳይቀር። ነርሷ ሳቋን ለመያዝ ብላ ወረቀቷ ላይ አጎነበሰች፤ በኋላ ምን እንደጻፈች አልነገረችንም። ከበላዮቿ ጋር ተነጋግራ እንደምታሳውቅ ብቻ ተናግራ ሄደች።

ሁለት ቀን ጠበቅን። በሁለተኛው ቀን ከክፍል ስወጣ የእማማ ልጅ ኮል አደረገችልኝ።

“ሶ፣ እማ እዚሁ ትቀመጥ ብለዋል” አለችኝ። “የታኮማውን ወረቀት ከፍሪጁ ላይ እያነሳሁት ነው።”

ከጀርባዋ የእማማ ድምፅ ተሰማ። “ሬዲዮዋ ናት? ማግኔቱን እንዳትጥለው በያት… አይ፣ አንቺን ነው፣ ማግኔቱን አትጣይው።”

ቀኑ ዓርብ፣ ማርች 21 ነበር።