መርፌዋ የነካችበት ቦታ

የሴሎችን ልስላሴ ስለካ ሁለት ዓመት ሞላኝ፤ አንድም ሴል ግን በዓይኔ አላየሁም። መለኪያው ያለው ውጭ አገር ነው። ጫፏ ለዓይን የማይታይ መርፌ እያንዳንዱን ሴል ጫን አድርጋ ትመለሳለች፤ ምን ያህል ኃይል እንደጠየቃት የሚያሳየው መስመር በኢንተርኔት ይላክልኛል። እኔ ኮልፌ፣ አባቴ የጥጥ ፍራሽ የሚሠራባት ክፍል ጥግ ላይ ተቀምጬ መስመሮቹን አነባለሁ። ጥጡ ሲነደፍ ብናኙ በመስኮቱ ብርሃን ውስጥ ይንሳፈፋል። የማየው ብናኙን ይሁን ሴሎቹን የሚምታታብኝ ጊዜ ነበር።

መስመሩ መጀመሪያ ጠፍጣፋ ነው፤ መርፌዋ ገና አልነካችም። ከዚያ ቀና እያለ ይወጣል። የኔ ሥራ የነካችበትን ነጥብ መምረጥ ነው፤ ልስላሴው የሚሰላው ከዚያ ተነስቶ ነው። ጠንካራ ነገር ላይ ነጥቡ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሴል ላይ ግን እንደ እንቅልፍ ነው፤ መቼ እንደጀመረ አይታወቅም። የማስተርስ ጽሑፌ የቆመው የታመሙት ሴሎች ከጤነኞቹ ይለሰልሳሉ በሚል አንድ ነገር ላይ ነበር። ውጤቱን ባሰፈርኩበት ስዕል ላይም ሁለቱ በግልጽ ተለያይተዋል። ለማቅረብ ሁለት ሳምንት ቀርቶኝ ነበር፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

አንድ እሑድ ከሰዓት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ጥጥ ነጋዴ ሁለት ጆንያ ይዞ መጣ። ዋጋቸውን ሊናገር ሲል አባቴ በእጁ አስቆመው። ጨበጠ፣ ለቀቀ፣ ጥጡ ቀስ ብሎ እስኪነሳ ጠበቀ። ዋጋ የጠየቀው ከመረጠ በኋላ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ይህንን ሲያደርግ አይቼ ለምን ብዬው አላውቅም፤ ያን ቀን ጠየቅኩት።

«ዋጋ የሰማ እጅ ይዋሻል» አለኝ።

ወደ ኮምፒውተሬ ተመልሼ መስመሮቹን ከፈትኩ። ከእያንዳንዱ መስመር በላይ «የታመመ» ወይም «ጤነኛ» ተብሎ ተጽፏል። ነጥቡን ስመርጥ የኖርኩት እሱን እያነበብኩ ነው።

ተናደድኩ፤ መጀመሪያ በአባቴ፣ ቀጥሎ በራሴ። ቁጡ መሆኔን ሰፈሩ ያውቀዋል። ስሞቹን ደብቄ፣ መስመሮቹን አደባልቄ፣ አባቴን አጠገቤ አስቀመጥኩትና መርፌዋ የት እንደነካች እንዲያሳየኝ ለመንኩት። ተምረሽ ተምረሽ ፍራሽ ሰሪ ታማክሪያለሽ ብሎ ሳቀብኝ። ከዚያ መነጽሩን አደረገ። በጣቱ ከጠፍጣፋው ወደ ሽቅቡ እየሄደ፣ ቆም እያለ፣ እዚህ ይለኛል፤ እኔም እዚያው ምልክት አደርጋለሁ። ዝናቡ አባርቶ በመስኮቱ ፀሐይ ገባች። ጊዜው የሚሄድ አይመስልም ነበር። ከአባቴ ጋር ያን ያህል ተቀምጬ አላውቅም።

ስሞቹን መልሼ ስዕሉን አወጣሁት። ሁለቱ ተደራርበው አንድ ሆነዋል። ልዩነቱ የሴሎቹ ሳይሆን የኔ ምኞት ነበር። ድካሜን ውኃ በላው ብዬ አለቀስኩ።

አባቴ ስዕሉን ማንበብ አይችልም፤ ፊቴን ግን አነበበ። አበላሸሁብሽ እንዴ አለኝ። ወንበሩን ወደ ስክሪኑ አስጠጋ።

«ግድ የለም፣ እንደገና እንሞክር» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የቱ ጋ እንደምትፈልጊው ንገሪኝ፤ እዚያው አሳይሻለሁ።»

ለኔ ሲል ሊዋሽ ነበር። ጣቱ ስክሪኑን ሳይነካ እጁን ያዝኩትና ሳምኩት። በማግስቱ ለአማካሪዬ ልዩነት አላገኘሁም ብዬ ጻፍኩ።