ቡርቱካንና ሦስቱ ሳጥኖች

ቡርቱካን ሐሙስ ትበራለች። ዛሬ ማክሰኞ ነው። ነገሌ ቦረና ገበያ ውስጥ ጨርቅ ስትሸጥ የኖረች ጓደኛዬ ሚኒሶታ ባሏ ዘንድ ልትገባ ሁለት ቀን ሲቀራት ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን እህል አልወርድ ብሎኛል። ምክንያቱን በአፌ ማውጣት አልችልም፤ ስለዚህ እጽፈዋለሁ። ጣት ምላስ አይደለም ብዬ ራሴን አታልያለሁ።

እኔ የዓለምወርቅ ነኝ፤ ከባጃጅ ተራው ፊት ለፊት ያለችው ጽሕፈት ቤት የኔ ናት። አባቴ ከጎጃም የመጣ ወታደር ነበር፤ እዚሁ ጦር ሰፈር ወለደኝ። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን እሱ ወደ አገሩ ገባ፣ እኔ ከአንድ አሮጌ ታይፕ ጋር ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ አሜሪካ ለሚሄደው ሁሉ ፎርም ስሞላ ኖርኩ። አገሩን ረግጬው አላውቅም፤ ቤተሰቡን ግን በወረቀቱ አውቀዋለሁ።

ድሮ በእንግሊዝኛ መማሪያችን ላይ የነበረው የአሜሪካ ቤተሰብ ከረባት ያሰረ አባት፣ ሽርጥ የታጠቀች እናት፣ አንድ ወንድ፣ አንዲት ሴትና አንድ ውሻ ነበር። መጀመሪያ የሞላኋቸው ፎርሞችም ከዚያ ብዙ አይርቁም ነበር፤ ባል፣ ሚስት፣ ልጆች። በኋላ የቀድሞ ባልና የቀድሞ ሚስት ቦታ እየሰፋ መጣ። የእንጀራ ልጅ ገባ። አንድ ቀን ደግሞ አባትና እናት የሚለው ቀርቶ “ወላጅ አንድ፣ ወላጅ ሁለት” የሚል አገኘሁ። “እናታቸውን በቁጥር መጥራት ጀመሩ!” ብዬ ቡርቱካንን ጠርቼ አሳየኋት፤ እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። ያ ሳቅ ዛሬ ያመኛል።

ቡርቱካን ሀሺን ያገባችው ሠራዊቱ በተበተነበት ዓመት ነው። ሳቂታ ናት፤ ደንበኛ በዋጋ ሲከራከራት ጨርቁን ትከሻው ላይ ጣል አድርጋ “ሙሽራ!” ትለዋለች። አሥር ዓመት ግን ልጅ አልመጣም። ገበያው ሳቋን ይወድላታል፤ ዞር ስትል ግን ያማታል። በ1993 የጎሳዋ ሴት የሆነች የዱብሉቋ ፋርሂያ ሰባተኛ ልጇን፣ ገና አርባ ቀን የሆናትን ጨቅላ፣ በጉዲፈቻ ሰጠቻት። ስሟን ዱንያ አለቻት።

ስትቀበላት ነበርኩ። ክርስቲያን ነኝ ብዬ በር ላይ ልቆም ስል ሽማግሌው ጃታኒ “አንቺስ ምላስ የለሽም? ግቢ” አሉኝ። ሕፃኗን ቡርቱካን ጡት ላይ አስያዟትና መረቁ። ከዚያ እያንዳንዳችንን በዓይናቸው እየለቀሙ፣ “ይቺ ልጅ የቡርቱካን ናት። አይደለችም ያለ ምላሱ ይድረቅ፤ ቤቱ ይጥፋ” አሉ። እኛም አሜን አልን። ሀሺም አሜን ብሏል።

በሦስተኛው ሳምንት ቡርቱካን እየሮጠች ጽሕፈት ቤቴ ገባች። ቀሚሷ ደረቷ ላይ ርሷል።

“ወላሂ መጣልኝ! ረቢ ወተቱን ሰጠኝ!”

አቅፌያት አለቀስኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔ ራሴ ዱንያን ሌላ ሴት ወልዳታለች ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ሀሺ በ1997 በሞያሌ በኩል ወጣ። ኬንያ ስደተኛ ካምፕ ውስጥ ከርሞ ሚኒሶታ ደረሰ፤ ሥጋ ፋብሪካ ተቀጠረ። በየሳምንቱ ይደውላል፤ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርገን አብረን እንሰማለን። አንድ ጊዜ ስለ አለቃው አወራልን። ሴትዮዋ አራት ልጆች አሏት፤ ሁለቱን ወልዳለች፣ አንዱ ባሏ ከፊተኛው ትዳሩ ያመጣው ነው፣ ትንሿ ከቻይና በጉዲፈቻ የመጣች ናት። የመጣችበትን ቀን በየዓመቱ ኬክ ቆርሰው ያከብሩታል፤ ልጅቷም “የተቀበሉኝ ቀን ነው” እያለች ለእንግዳው ታድላለች። ይህን ሲያወራ ሀሺ ምንም አልመሰለውም።

ቡርቱካን ፊቷ ጠቆረ። “በየዓመቱ ባዕድ ነሽ እያሉ ኬክ ያበሏታል? ምን ዓይነት ጭካኔ ነው?”

እኔም “ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም” አልኩ።

በ2007 ሀሺ ሁለቱንም ሊወስዳቸው ጉዳዩን ጀመረ። ዱንያ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። ፎርሙ ላይ ከልጁ ስም ቀጥሎ ሦስት ትናንሽ ሳጥኖች ነበሩ፤ የተወለደ፣ የእንጀራ ልጅ፣ ጉዲፈቻ። ሦስቱም እኩል ናቸው፤ አንዱ ከሌላው አያንስም። ሦስተኛው ላይ ምልክት አድርጎ የፍርድ ቤት ወረቀት ማያያዝ ብቻ ነበር። ያንን አውቅ ነበር። ሥራዬ ነው!

“ቡርቱካን፣ እዚህ ጋ…” አልኩና ቀና አልኩ።

“ምን አለ እዚያ ጋ?” አለችኝ። ዱንያ አጠገቧ ተቀምጣ ነበር።

የጃታኒ ዓይን ትዝ አለኝ። የመጀመሪያው ሳጥን ላይ ምልክት አደረግሁ። ልጅቷን ላክ አድርጌ፣ ጉዲፈቻ የሚለውን ቃል ሳልጠራ፣ ዙሪያ ጥምጥም ሄጄ ማስረዳት እችል ነበር። ፈራሁ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው የለም።

ከሦስት ዓመት በኋላ እናትና ልጅ አዲስ አበባ ሄደው የዲኤንኤ ምርመራ እንዲያደርጉ ተጠየቀ። ዱንያ ሙሉ ልጃገረድ ሆናለች፤ እንግሊዝኛዋ ከኔ ይሻላል፤ ከትምህርት መልስ ኮምፒውተሬ ላይ ትሠራለች። የጉዲፈቻውን የፍርድ ቤት ወረቀት ለማውጣት ብጠይቅ፣ አሜሪካኖቹ የሚቀበሉት ልጁ አሥራ ስድስት ሳይሞላው የወጣውን ብቻ ነው፣ ዕድሜዋ አልፏል ተባልኩ። ቡርቱካን ግን ለሠርግ እንደሚሄድ ሰው ለብሳ መጣች።

“ከአፏ በጥጥ ነው አሉ የሚወስዱት” አለችኝ በጆሮዬ። “ይውሰዱ! ወተቴ ደሟ ውስጥ አይደል?”

በሰላም ግቡ ብዬ ሸኘኋቸው።

መልሱ የደረሰው ባለፈው መጋቢት ነው። እዚሁ ጠረጴዛዬ አጠገብ ዱንያ ፖስታውን ቀደደች። ከጀርባዋ ቆሜ አነበብኩት። ምርመራው በሁለቱ ሴቶች መካከል የእናትና የልጅ ዝምድና አለመኖሩን አሳይቷል፤ የእናትየዋ ጉዳይ ይቀጥላል፣ የልጅቷ ተዘግቷል። ዱንያ አንዴ አነበበች፣ ደገመች። ጆሮ ግንዷ ላይ ያለው ሥር ሲመታ አየሁት።

“ምን ይላል?” አለች ቡርቱካን።

“አዮ፣” አለች ዱንያ እናቷን፣ “እናትና ልጅ መሆናችን ተረጋግጧል ይላል። የኔ ወረፋ ግን ሌላ ስለሆነ ይዘገያል። አንቺ ቅደሚ።”

ቡርቱካን እልል አለች። ጀርባዬን በጥፊ መታችኝ። “አላልኩሽም? አላልኩሽም!” ወረቀቱን ከልጇ እጅ ወስዳ ሳመችውና ደረቷ ውስጥ ከተተችው። እያሳየች ሙሉ ከተማውን አዳርሳለች።

እሷ ከወጣች በኋላ ዱንያ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች። የምትጽፈው ነገር ግን አልነበረም።

“እትዬ፣ ያን ጊዜ ፎርሙን የሞሉት አንቱ ነዎት። ከሦስቱ የትኛው ላይ ነው ምልክት ያደረጉት?”

“የተወለደች” አልኩ።

“ደግ አደረጉ” አለች። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አንድም ቃል አልተነጋገርንም። እሷም የተማለውን እንደኛ ትጠብቃለች፤ አሜን ሳትል።

ዛሬ ጠዋት ቡርቱካን መጣች።

“አካም፣ ናጋ?” ብላ ሳመችኝና ከቦርሳዋ ያንን ወረቀት አወጣች። መታጠፊያው ሊቀደድ ደርሷል።

“ይሄን በላስቲክ አሽጊልኝ፤ ላሚኔት አድርጊው። ሀሺ ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል።”

“ለምን እዚህ ዱንያ ጋ አይቀመጥም? መንገድ ላይ ይጠፋብሻል።”

“ዱንያም እንዲሁ አለችኝ፤ ደብቃው አልጋ ሥር ነው ያገኘሁት። ምን ሆናችኋል? ያለዚህማ አልሄድም!”

ዱንያ ኮምፒውተሩ ላይ አቀርቅራለች፤ ቀና አላለችም። ልናገር አፌን ከፈትኩ። ምላሴ እውነትም ደርቆ ነበር። የላሚኔት ማሽኑን ሰካሁ፤ እስኪግል ጠበቅን። ወረቀቱ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው ሞቆ፣ እያብረቀረቀ ወጣ፤ እያንዳንዱ ፊደል ከቀድሞው ይልቅ ጎልቶ ይነበባል።

ቡርቱካን በሁለት እጇ ይዛ ብርሃን ላይ አየችው።

“መጀመሪያ የማሳየው ለማን እንደሆነ ታውቂያለሽ?” አለችኝ። “ለሀሺ አለቃ። ያቺ ኬክ የምታበላው ሴትዮ ጮክ ብላ ታንብበው፤ እናት ማለት ምን እንደሆነ ትወቅ።”